ገና፣ ገና ነው



ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ እዚሁ ነቀምቴ ከአንድ የወጣቶች ኮሚቴ ጋር ተቀምጬ ነበር። ስብሰባው የተጠራው «የአድቬንት ዝግጅት» በሚል ርእስ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተወያየን። የመዘምራኑ ልብስ ምን ዓይነት ቀለም ይሁን? ድምፅ ማጉያውን ከማን እንከራይ? መዋጮው በነፍስ ወከፍ ስንት ይሁን? የዛፉን መብራት ማን ያምጣ? ድራማውን ማን ይምራ? ሁሉም ጥያቄ ተነሣ፤ ሁሉም መልስ አገኘ። በጸሎት ልንዘጋ ስንል፣ አዳራሹን ለማጽዳት መጥተው ጥግ ላይ ሲጠብቁን የቆዩ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልናገር?» አሉ። «ሽር ጉዳችሁ ደስ ይላል፤ ትልቅ እንግዳ የምትቀበሉ ነው የሚመስለው። ግን ከተቀመጥኩ ጀምሮ የእንግዳውን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልሰማሁም።»

ሳቅን። ቀጥሎ ዝም አልን። ከዚያም በጸሎት ዘግተን ተበተንን፤ በማግስቱ ለድምፅ ማጉያው ቀብድ ከፈልን። የእሳቸውን ንግግር በቃለ ጉባኤው ላይ ማንም አልጻፈውም። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ዘንድሮ ይህን የምጽፈው ያኔ ሳልጽፈው የቀረሁትን ለመጻፍ ነው። ነገሩን ሳላለሳልስ ልናገር፦ እኛ ወንጌላውያን ወጣቶች አድቬንትን ገድለነዋል፤ የገደልነውም በገና ነው። ከገና በፊት ያሉትን አራት እሑዶች የገና ልምምድ ማድረጊያ አደረግናቸው። ታኅሣሥ 16 ፈረንጆቹ ሲያከብሩ በስልካችን አብረን እናከብራለን፤ «እንኳን አደረሳችሁ» እንባባላለን። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ መዝሙሩ ሰልችቶናል፣ ጉሮሯችን ዘግቷል፣ ኪሳችን ባዶ ነው። የሚጠበቀው ሳይመጣ ግብዣው አልቆ ያድራል።

እስቲ ቋንቋችንን እንስማ። የበዓሉን ስም ስንጠራ «ና»ን አጥብቀን «ገና» እንላለን። ድምፁን ካላላነው ደግሞ ሌላ ቃል ይሆናል፤ «ገና ነው»፣ አልደረሰም ማለት ነው። በጽሑፍ ሁለቱን የሚለያቸው ነገር የለም። እኔ ይህን የቋንቋ አጋጣሚ የአድቬንት ስብከት አድርጌ ነው የምወስደው። አድቬንት ማለት ገና፣ ገና የሆነበት ጊዜ ነው። ጌታ መጥቷል፤ ግን ደግሞ ገና ይመጣል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ያልቻለ ክርስቲያን ወይ ትዝታ ብቻ ይቀረዋል፣ ወይ ደግሞ ምኞት ብቻ።

በዚህ ወቅት ብዙዎቻችሁ ቤት ቡና ይለቀማል። ወለጋ ያደገ ልጅ ይህን ማንም አያስተምረውም፦ የሚለቀመው የቀላው ነው። አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር አደባልቆ የሸመጠጠ ሰው ሥራው ቶሎ አልቆለት ይሆናል፤ ግን የቡናውን ጣዕም አበላሽቷል፣ ዋጋውንም ጥሏል። ያው አንድ ዛፍ ላይ ሁለቴና ሦስቴ መመለስ ግድ ነው። አያቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው። እኛም ገናን ሳይቀላ እየሸመጠጥነው ነው።

ለመሆኑ አድቬንት ምንድን ነው? ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ መምጣት፣ መድረስ ማለት ነው። ለግሪኩ «ፓሩሲያ» የተሰጠ ትርጉም ነው። ይህን ቃል በእኛ ቋንቋ ምጽአት እንለዋለን። አስተውሉ! «ምጽአት» ሲባል ወደ ጆሯችን ቀድሞ የሚመጣው ቤተ ልሔም አይደለም፤ በደመና የሚገለጠው ንጉሥ ነው። ስሙ ራሱ ወደ ኋላ ብቻ እንዳናይ ይከለክለናል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የክሌርቮው በርናርድ የጌታን መምጣት በሦስት ከፍሎ ያስተምር ነበር፦ በሥጋ የመጣበት፣ በመንፈስ ወደ አማኙ ልብ የሚመጣበት፣ በክብር የሚመጣበት። የመጀመሪያው ተፈጽሟል፤ ሁለተኛው ዛሬ ነው፤ ሦስተኛው ይጠበቃል።

ይህን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። በቀደመው የሉተራውያን የንባብ ሥርዓት ለአራቱ የአድቬንት እሑዶች የተመደቡትን የወንጌል ክፍሎች ተመልከቱ። የመጀመሪያው እሑድ ማቴዎስ 21 ነው፤ ጌታ በአህያ ተቀምጦ ወደ ኢየሩሳሌም ይገባል። ሁለተኛው ሉቃስ 21 ነው፤ የሰማይ ኃይላት ይናወጣሉ፣ የሰው ልጅ ይመጣል። ሦስተኛው ማቴዎስ 11 ነው፤ መጥምቁ ዮሐንስ እስር ቤት ሆኖ ደቀ መዛሙርቱን ይልካል፣ የሚመጣው አንተ ነህ ወይስ ሌላ እንጠብቅ ብሎ ያስጠይቃል። አራተኛው ዮሐንስ 1 ነው፤ መጥምቁ ክርስቶስ እሱ እንዳልሆነ ይመሰክራል፣ ከኋላው ወደሚመጣውም ይጠቁማል። ከአራቱ በአንዱም ውስጥ በግርግም የተኛ ሕፃን የለም! እኛ አራት ሳምንት ሙሉ ሕፃኑን ስናስተኛ፣ የቀደሙት አባቶች የሚመጣውን ንጉሥ፣ የሚናወጠውን ዓለምና የታሰረውን ነቢይ ሲያነቡ ነበር።

አሁን ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በየኅብረቱ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሣቸው።

የመጀመሪያው «አድቬንት የሚል ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፤ የሃይማኖት ወግ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ የለም። ታኅሣሥ 29 የሚልም የለም። የወጣቶች ኮንፈረንስ የሚልም የለም። ሰንበት ትምህርት ቤትም፣ የሌሊት ጸሎት ፕሮግራምም የለም። ጥያቄው ስሙ አለ ወይ ሳይሆን ነገሩ አለ ወይ ነው። ነገሩ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ሉቃስ የልደቱን ታሪክ የሚጀምረው ሲጠብቁ በኖሩ ሽማግሌዎች ነው፤ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ። የሚደመድመውም በሚጠብቁ ሽማግሌዎች ነው፤ ስምዖንና ሐና። ሐና ባሏ ከሞተ በኋላ ከመቅደስ ሳትለይ በጾምና በጸሎት ሰማንያ አራት ዓመት ደርሳለች (ሉቃስ 2፥36–38)። ሕፃኑ ወደ መቅደስ በገባ ጊዜ ያ ሁሉ ካህን፣ ያ ሁሉ ጸሐፊ ሲያልፍ ሲያገድም፣ ያወቁት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። ለምን? ሲጠብቁት ስለኖሩ ነዋ! ያልጠበቀ ሰው፣ የመጣው ፊቱ ቢቆምም አያውቀውም።

ሁለተኛው «የፈረንጅ ወግ ነው» የሚለው ነው። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ጎረቤትሽን ጠይቂ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ የነቢያትን ጾም ይጾማሉ። ስሙ እንኳ ምን ያህል ያስተምራል! ነቢያቱ መሲሑን የናፈቁበትን ናፍቆት በሥጋቸው እየተካፈሉ ነው። ከገና በፊት ያሉትንም ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብለው ሰይመዋቸዋል፤ ነቢያት የሰበኩት፣ ለዓለም ብርሃን የሆነው፣ እውነተኛው እረኛ እንዲመጣ ይለምኑበታል። በጾም ሥርዓት ላይ ከእነሱ ጋር የምንለያይባቸው ነገሮች አሉ፤ ያንን አልደብቅም። ግን እነሱ ለሳምንታት እየተራቡ የሚጠብቁትን እኛ በኬክ እየጠበቅን «ወግ አጥባቂዎች» ብንላቸው ማን ያፍራል? በዚህች አገር መሲሑን መጠበቅ እኛ ከመኖራችን በፊት የነበረ ነገር ነው።

ከፈረንጅ መጣ የምንለውንም ቢሆን ምንጩን እንወቅ። የአድቬንት የሻማ አክሊል ዛሬ ጌጥ ሆኗል። የመጀመሪያው ግን እ.ኤ.አ. በ1839 በጀርመን ሐምቡርግ ከተማ ዮሐን ሂንሪክ ቪኸርን የተባለ የሉተራን አገልጋይ፣ ለሚያሳድጋቸው ድሆች ልጆች የሠራው ነው። ልጆቹ «ገና መቼ ነው?» እያሉ ቢጨቀጭቁት የጋሪ ጎማ ወስዶ ሻማ ሰካበት፤ ለየቀኑ ትንንሽ፣ ለእሑዶቹ አራት ትልልቅ። በየቀኑ አንድ ብርሃን ይጨመራል። አያችሁ፣ ነገሩ የተጀመረው ከጌጣጌጥ ሱቅ አይደለም። ከጋሪ ጎማና ምንም ከሌላቸው ልጆች ነው። ልጆቹን በስጦታ ከማጣደፍ ይልቅ ቀን መቁጠር አስተማራቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ጠንካራው ነው፦ «ኢየሱስ መጥቷል! ሥራው ተፈጽሟል! የመጣውን ለምን እንጠብቃለን?» እልል የሚያሰኝ ነገር ነው። ግን ይህን ያለው ወጣት ሲታመም ለምን ያለቅሳል? ሲቀብር ለምን ያለቅሳል? ወለጋ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ነን፤ እርስ በርሳችን አንዋሽ። በእነዚህ ዓመታት ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ከተማችን የመጡትን አይተናል። መንገድ ሲዘጋ አይተናል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል በብዙ የወለጋ አካባቢ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ልጅ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ከርሟል። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በታንዛኒያ የተካሄደው ሁለተኛ ዙር የሰላም ንግግር ያለ ስምምነት ሲበተን ብዙዎቻችን አንገታችንን ደፍተናል። ጌታ መጥቷል፤ አሜን። ሁሉ ነገር ግን ገና ከእግሩ በታች ሲገዛ አላየንም። ጳውሎስ በሮሜ 8 ፍጥረት ሁሉ በምጥ እንደሚቃትት፣ እኛም ከእርሱ ጋር እየቃተትን በትዕግሥት እንደምንጠብቅ ያስተምራል። በጌታ ራት ኅብስቱን በቆረስን ቁጥር ሞቱን የምንናገረው እስኪመጣ ድረስ ነው (1ቆሮንቶስ 11፥26)። «እስኪመጣ ድረስ»ን ከማዕዱ አውጥቶ የጣለ፣ ማዕዱን ግማሽ አድርጎታል።

እዚህ ላይ በግልጽ የምሟገተው አንድ ትምህርት አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በስልካችሁ በየሰዓቱ ይመጣል። «ይህ ወር የአንተ ነው! በሰባት ቀን ውስጥ በርሽ ይከፈታል! መጠበቅ አብቅቷል!» ይላል። ሰባቱ ቀን ያልፋል፤ በሩ ግን እንደተዘጋ ነው። ያኔ ለሚቀጥለው ወር አዲስ ቃል ይወጣል፤ ያለፈውን ወር ማንም አይጠይቅም። የ12ኛ ክፍል ውጤት ያልመጣላት ልጅ፣ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሦስት ዓመት ሥራ የፈታ ወንድም፣ የመጨረሻዋን ብሩን «ዘር» ብሎ ይሰጣል። ቃሉ ሳይፈጸም ሲቀር ደግሞ «እምነትህ ጎደለ» ይባላል። እኔ እምነታቸውን በዚህ መንገድ የጣሉ ወጣቶችን አስተምሬያለሁ። ጌታን አልጠሉም፤ ቀጠሮ ሲሰጣቸው የነበረውን ሰው ቃል የጌታ ቃል ስላደረጉት ነው የተሰበሩት። እግዚአብሔር ያላለውን «ነገ» ብሎ መናገር እምነት አይደለም። ዕንባቆም ራእዩ ቢዘገይም ጠብቀው የተባለው፣ ሊዘገይ እንደሚችል እግዚአብሔር ስለሚያውቅ ነው (ዕንባቆም 2፥3)።

ለዚህ ነው አድቬንት ለእኛ ቅንጦት ያልሆነው። ወጣት ክርስቲያን መጠበቅን ካልተማረ፣ መጀመሪያ ፈጣን መልስ ይዞ የመጣው ሁሉ ጌታው ይሆናል። ፈጣን ነቢይ ሊሆን ይችላል፤ ፈጣን ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ ጠመንጃ ሊሆን ይችላል፤ በሊቢያ በኩል የሚወስድ ደላላ ሊሆን ይችላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል።

አራተኛ ተቃውሞ አለ፤ ይህን የሚያነሡት አስተዋዮቹ ናቸው፤ ስለዚህ በአክብሮት ልመልስ። «‹ጠብቁ› ማለት ድሃን ማስተኛ አይደለም ወይ? የተበደለ ሰው ጠብቅ ሲባል፣ የሚጠቀመው በዳዩ ነው» ይላሉ። በደርግ ጊዜ ካድሬዎች አባቶቻችንን «ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው» ይሏቸው ነበር። መጠበቅ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ቢሆን ኖሮ ካድሬዎቹ ልክ ነበሩ። ግን የራሳችንን ሰዎች ታሪክ እንይ፤ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ኦነሲሞስ ነሲብን፣ አባ ገመቺስን፣ ሁላችሁም በስም ታውቁታላችሁ። በኢሉባቦር ተወልዶ በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተወሰደ፤ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ ምፅዋ ደረሰ። እዚያ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ተጠመቀ። ከዚያ በኋላ ልቡ አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፦ ወደ ወገኖቹ ተመልሶ ወንጌልን መናገር። መንገዱ ግን እንቢ አለ። በ1881 በሱዳን በኩል ተነሣ፤ ሳይሳካለት ተመለሰ። አሁንም ጠበቀ። ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ከጥምቀቱ ሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ!

በእነዚያ ዓመታት ምን ሲሠራ ነበር? መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ መጽሐፉን አዘጋጀ። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። እንደ እሱ ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ገኖ የኦሮምኛን ቃላት፣ ተረቱንና ዘፈኑን ከአእምሮዋ እያወጣች ሰበሰበች፤ ለትርጉሙም ለንባብ መጽሐፉም ትልቅ አቅም ሆነች። በሩ ሲከፈት ባዶ እጃቸውን አልመጡም። አስቡት፤ በ1881 መንገዱ ተሳክቶለት ቢሆን ኖሮ ያን መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ አይመጣም ነበር። ከደረሰ በኋላም ተከሶ ለዓመታት በይፋ እንዳይሰብክ ተከልክሏል፤ በ1931 እዚሁ ነቀምቴ እስኪያርፍ ድረስ ግን ማስተማሩን አልተወም። እንግዲህ ይህን ሰው ማን ነው «ተኝቶ ጠበቀ» የሚለው?

ሁለተኛው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። ቦጂ ተወልደው ነቀምቴ ተማሩ፤ እዚሁም በሆስፒታል፣ ኋላም በቤተ ክርስቲያን አገለገሉ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ አጋሮቿ የጻፈችው ደብዳቤ ዛሬም ይጠናል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ነፍስን ከሥጋ፣ ስብከትን ከልማት ነጥላችሁ አትርዱን፤ ሰው ሙሉ ነው። የጌታን መምጣት የሚጠብቅ ሰው ለተራበው ግድ የለውም የሚል ካለ ይህን ያንብብ። ኋላም ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከአምልኮ ሲወጡ ተወስደው ተገደሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ተይዘው ተሠቃዩ፤ አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። የቄስ ጉዲና አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ በ1984 ዓ.ም. በክብር ተቀበሩ። አሥራ ሦስት ዓመት! በእነዚያ ዓመታት በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ታሸጉ፤ ምእመናን በየቤቱ በሹክሹክታ ጸለዩ። አሁን በየአጥቢያችሁ በፊት ወንበር የሚቀመጡትን ሽማግሌዎች ጠይቋቸው። የታሸገ በር ፊት ቆሞ ጌታ እንደሚመጣ ማመን ምን እንደሆነ ይነግሯችኋል። ስለ አድቬንት ከእነሱ የተሻለ መምህር አታገኙም። እኛ ደግሞ ለአድቬንት ፕሮግራም ስንት ጊዜ ጠርተን አስተምሩን አልናቸው? ወንበር አስተካክሉልን ብለን ይሆናል እንጂ።

አሁን ወደ እነዚያ እናት ልመለስ። ከስብሰባው በኋላ ኅሊናዬ አላስቀመጠኝም፤ በሳምንቱ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። ከጓዳው ቀጥሎ የተዘጋ ትንሽ ክፍል አየሁ፤ ገርበብ ሲል አልጋው የተነጠፈ፣ ወለሉ የተጠረገ ነው። «የማነው?» አልኳቸው። የልጃቸው ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ ደምቢ ዶሎ በኩል ሄዶ ነበር፤ ያኔ ስልክ በተቋረጠበት ጊዜ ድምፁ ጠፋ። ስልኩ ሲመለስ የእሱ አልመለሰም። የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። «በየቅዳሜው እጠርገዋለሁ» አሉኝ። «ከመጣ ድንገት ነዋ የሚመጣው። ‹እማዬ፣ ረሳሽኝ እንዴ?› እንዲለኝ አልፈልግም።»

የምለው ጠፋኝ። መጽናኛ ብዬ ያዘጋጀሁት ጥቅስ ሁሉ አፌ ላይ ቀረ። አንድ ነገር ግን ገባኝ፤ መጠበቅ ማለት ይሄ ነው። መጥረጊያ ይዞ መጠበቅ። ልጃቸው ይመጣ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ «በዚህ ወር ይመጣል» ብዬም አልተነበይኩም፤ እንደዚያ የሚላቸው ሰው ሞልቷል። ጌታ ግን እንደሚመጣ ቃል አለን። የማይታወቀውን እንዲህ የሚጠብቁ እናት ባሉበት ከተማ፣ ቃል የተገባልንን እኛ ክፍሉን ሳንጠርግ እንጠብቃለን? ለዚያውም ክፍሉን በድምፅ ማጉያና በመብራት ሞልተነው ማረፊያ አሳጥተነው?

ስለዚህ ዘንድሮ የምለምናችሁ ይህ ነው። ገናን አታክብሩ አላልኩም፤ ድራማውም ይሠራ፣ መዘምራኑም ይልበሱ። ግን አራቱን እሑዶች መልሱልን።

በመጀመሪያው እሑድ የልደት መዝሙር አትዘምሩ። ከባድ ነው፤ እጃችሁ ወደ ኪቦርዱ ይሄዳል፤ ያዙት። ኢሳይያስ 40ን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ከዚያ ጸጥ በሉ። ጸጥታው ካስጨነቃችሁ፣ ለምን እንዳስጨነቃችሁ ተጠያየቁ።

በሁለተኛው እሑድ የተጣላችሁትን ታረቁ። መዘምራን ከመዘምራን፣ ኮሚቴ ከኮሚቴ። ንጉሥ ይመጣል ብሎ መንገድ የሚጠርግ ሰው ከወንድሙ ጋር በመንገድ ላይ ሲገናኝ ፊቱን አያዞርም። ቋንቋችን ኦሮምኛም ይሁን አማርኛ፣ ብሔራችን ምንም ይሁን፣ በዚህ ዘመን በዚህ ምድር ከዚህ የሚከብድ የአድቬንት ሥራ የለም።

በሦስተኛው እሑድ የታሰረውን ዮሐንስን አስቡ። ከመዋጮው ግማሹን ለድምፅ ማጉያ ሳይሆን ለታራሚዎች፣ ለተፈናቀሉና ለታመሙ ውሰዱ። ፎቶ አንሥታችሁ አትለጥፉ። ሄዳችሁ ተቀመጡ፤ አብራችኋቸው ጠብቁ። ዮሐንስ ለጠየቀው ጥያቄ ጌታ የሰጠው መልስ ዕውሮች እንደሚያዩ፣ ለድሆችም ወንጌል እንደሚሰበክ የሚናገር ነበር። ምልክቱ ዛሬም ያው ነው።

በአራተኛው እሑድ ከኅብረታችሁ ሽማግሌዎች አንዱን ጥሩ። «በሩ በታሸገ ጊዜ እንዴት ጠበቃችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማይክራፎኑን ለእሳቸው ሰጥታችሁ እናንተ መሬት ተቀመጡ።

ሻማ ብትለኩሱ መልካም፤ ባትለኩሱም ኃጢአት አይደለም። አሥሩ ቆነጃጅት ሁሉም መብራት ነበራቸው (ማቴዎስ 25)። ሁሉም ወጥተው ነበር፤ ሁሉም እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። የለያቸው ሙሽራው ሲዘገይ የሚበቃ ዘይት መያዝና አለመያዝ ብቻ ነው። የእኛ መብራት በጣም ያምራል፤ እመሰክራለሁ። የምጠይቃችሁ ስለ ዘይቱ ነው።

የዘንድሮው ኮሚቴ በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው ዘንድሮም እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን አጀንዳ አስቀድሜ ጽፌዋለሁ፦ «የእንግዳው ስም»። ስለ ልብሱ ቀለም ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን፤ ጊዜ ከተረፈን።